«ንብር»፣ «ካሜራ»፣ «በፊት»
በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥራ ላይ በሚውሉ የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

ሥዕልንና ጽሑፍን በኮምፒዩተር አዋሕዶ በማንቀሳቀስ ለቴሌቪዥን፣ ለዘጋቢ ፊልምና ለማስታወቂያ የሚያቀርበው ሙያ በአገራችን ከተስፋፋ ውሎ አድሯል። በባሕር ዳርም ብዙኃን መገናኛው፣ ዩኒቨርሲቲውና በየሰፈሩ የተከፈቱት የቪዲዮ ማዘጋጃ ቤቶች ይህን ሙያ የሚሠሩና የሚማሩ ወጣቶችን አሰባስበዋል። ዋነኛ መሣሪያቸው አፍተር ኢፌክትስ የተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ጥልቀት ያላቸውን ንብሮችና ካሜራን ያገኘው በ2001፣ ዛሬ የምናውቀውን የጽሑፍ ንብር ያገኘው ደግሞ በ2003 ነው። ምናሌው የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ እንግሊዝኛውን እያየ በአማርኛ ያስረዳል፤ ሠልጣኙም የሰማውን በአማርኛ በማስታወሻው ያሰፍራል። የሙያው አማርኛ በመወለድ ላይ ያለው በዚህ በአፍና በማስታወሻ መካከል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ መንገድ የተወለዱትን ስያሜዎች መመርመር ነው። መነሻችን በትምህርት ላይ የሰማናቸውና በማስታወሻዎች ላይ ያነበብናቸው አጠራሮች ናቸው። ማንንም በስም አንጠቅስም፤ ስሕተቱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ተቋም ሳይሆን ስያሜን ሥራ ሲያጣድፈው የሚደርስ የጋራ ስሕተት ነውና። የምንከራከርበት ነጥብ ግን ግልጽ ነው፤ ሠልጣኞች «ፕሮግራሙ ተበላሸብን» ብለው ከሚያቀርቧቸው ችግሮች ብዙዎቹ የፕሮግራሙ ብልሽቶች አይደሉም፤ የቃሉ ብልሽቶች ናቸው። ቃሉ ሠልጣኙን የሌለ ነገር እንዲጠብቅ ያደርገዋል፤ የጠበቀውን ሲያጣም መሣሪያውን ይወቅሳል።

ነገሩን ለማየት እንዲመች አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ ወጣት ስለ ጣና ሐይቅ የሚያዘጋጀውን ዘጋቢ ፊልም መክፈቻ ይሠራል እንበል። በስተ ሩቅ ሰማይ አለ፤ ከዚያ ቀረብ ብሎ የደብረ ማርያም ደሴት፣ ከዚያም የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው፣ ከሁሉም ቀረብ ብሎ «ጣና» የሚል ርእስ ይታያል። ካሜራው ከባሕር ዳር ዳርቻ ተነሥቶ ርእሱንና ታንኳውን እያለፈ ወደ ደሴቱ ይገሠግሣል። በዚህች አጭር ሥራ ውስጥ የምንተቻቸው ስያሜዎች ሁሉ ይገኛሉ።

2. መመዘኛ

ስያሜን ለመተቸት አስቀድሞ መመዘኛውን ማሳወቅ ይገባል። እኛ አራት መመዘኛዎችን ተከትለናል። አንደኛ፣ ስያሜው ነገሩ የሚሠራውን እንጂ የእንግሊዝኛውን ቃል መዝገበ ቃላዊ ፍች መግለጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ በዚያው የሥራ መስክ ሌላ ነገር ከሚጠራበት ቃል ጋር መጋጨት የለበትም። ሦስተኛ፣ የሚረባ መሆን አለበት፤ ማለት ግሥ፣ ቅጽልና የድርጊት ስም ሊወጡለት ይገባል። አራተኛ፣ በሥራ ላይ ያለ ሰው ሳይታክት ሊናገረው የሚችል አጭር መሆን አለበት።

ከእነዚህ መመዘኛዎች የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይታወሳል፤ ሁለተኛው ግን ይዘነጋል። በሚከተሉት ክፍሎች እንደምናሳየው፣ ከፍተኛውን ጉዳት ያደረሰው ይህ ሁለተኛውን መመዘኛ መዘንጋት ነው።

3. «ሽፋን»፣ «ደርብ»፣ «ንብር»

በፕሮግራሙ ውስጥ ሰማዩ፣ ደሴቱ፣ ታንኳውና ርእሱ አንዱ በአንዱ ላይ የሚቀመጡ የየራሳቸው ክፍሎች ናቸው። እነዚህን ክፍሎች አንዳንዱ «ሽፋን»፣ አንዳንዱ «ደርብ»፣ አንዳንዱ «ንብር»፣ አብዛኛው ደግሞ በውሰት «ሌየር» ይላቸዋል።

«ሽፋን» የሚለው ቃል ከነገሩ ጠባዮች አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን ይክዳል። ሽፋን የሚሸፍን ነው፤ የመጽሐፍ ሽፋን ከውስጥ ያለውን ይጋርዳል። የጽሑፍ ክፍል ግን ከፊደሎቹ በቀር ባዶ ነው፤ በፊደሎቹ መካከል የታችኛው ይታያል። «የጽሑፍ ሽፋን» የተባለ ሠልጣኝ ጽሑፉ ከበስተ ጀርባው መደብ ይዞ እንዲመጣ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ከዚህም በላይ በዚሁ ሙያ አንዱን ክፍል በሌላው ቅርጽ የመጋረድ ልዩ ተግባር አለ፤ «መሸፈን» ለዚያ ተግባር ሊቀመጥ የሚገባው ቃል ነው።

«ደርብ» በበኩሉ ለሕንፃ ተስማሚ ነው። አንድ ደርብ ቦታውን አይለቅም፤ ሁለተኛው ደርብ አንደኛ ልሁን ቢል ቤቱ ይፈርሳል። በፕሮግራሙ ውስጥ ግን ክፍሎቹ እንደ ፈለጉት ይገለባበጣሉ። «ድርብ» ያሉትም አሉ፤ ይህ ግን ቍጥሩን ሁለት ብቻ ስለሚያስመስል ከ«ደርብ» ይከፋል።

እኛ «ንብር» የሚለውን እንመርጣለን። «አነባበረ» አንዱን በአንዱ ላይ አስቀመጠ፣ ከመረ ማለት ነው። በእንጀራና በእንጀራ መካከል ቅመም ተቀብቶ የሚዘጋጀውን አነባበሮ የማያውቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። በአነባበሮ ውስጥ እያንዳንዱ እንጀራ ለብቻው ይጋገራል፤ ለብቻው ይነሣል፤ ላይኛውና ታችኛው ይለዋወጣል፤ ሲነባበሩ ግን አንድ ምግብ ናቸው። የምንሰይመውም ነገር ጠባይ ይህ ነው። እርባታውም ሙሉ ነው፤ አነባበረ፣ ተነባበረ፣ ንብርብር፣ አነባበር እንላለን። «ሌየር አደረገ» ከማለት «አነባበረ» ማለት ምን ያህል እንደሚያጥር አንባቢው ራሱ ይመዝን።

4. «ባለ ሦስት ገጽ» ያስከተለው ችግር

ከሠልጣኞች ዘንድ በብዛት የሚሰማው እሮሮ «ካሜራውን አንቀሳቀስሁ፤ ጽሑፉ ግን ንቅንቅ አላለም» የሚል ነው። ታንኳው ይቀርባል፤ ደሴቱ ይቀርባል፤ «ጣና» የሚለው ርእስ ግን በስክሪኑ ላይ እንደ ተለጠፈ ይቀራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፕሮግራሙ ካሜራ የሚያየው የጥልቀት ምልክታቸው የተከፈተላቸውን ንብሮች ብቻ ነው። አዲስ የተጻፈ ንብር ግን ሲፈጠር ጠፍጣፋ ነው፤ ምልክቱ እስኪከፈትለት ድረስ ለካሜራው እንደሌለ ይቈጠራል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ተባብረው ሠልጣኙን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው «ካሜራ» ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ካሜራ በፊቱ ያለውን ሁሉ የሚያነሣ ዕቃ ነው፤ «ይህን አይቼ ያንን አላይም» የሚል ካሜራ አናውቅም። ይሁን እንጂ «ካሜራ» ከአማርኛ ጋር ተዋሕዶ የኖረ ቃል ስለ ሆነ ሊተካ ይገባል አንልም። የሚያስፈልገው ስያሜ መለወጥ ሳይሆን በፍቹ ላይ «ባለ ጥልቀት ንብሮችን ብቻ የሚያይ» የሚል ሐረግ መጨመር ነው።

ሁለተኛው ቃል ግን ሊለወጥ ይገባዋል። ምልክቱን ብዙዎች «ባለ ሦስት ገጽ» ወይም «ባለ ሦስት ገጽታ» ይሉታል። ገጽ ፊት ነው፤ ባለ ሦስት ገጽ ነገር ሦስት ፊት ያለው፣ በዚህም ውፍረት ያለው ነገር ነው። ሠልጣኙ ምልክቱን ሲከፍት «ጣና» የሚለው ጽሑፍ ከድንጋይ እንደ ተጠረበ ወፍሮ እንዲታየው ይጠብቃል። የሚያየው ግን ያንኑ የቀድሞውን ጽሑፍ ነው፤ የተጨመረለት ውፍረት ሳይሆን በጥልቀት አቅጣጫ የመቆሚያ ቦታ ነውና። «ምልክቱ አይሠራም» ብሎ መልሶ ይዘጋዋል፤ በመዝጋቱም ካሜራው ጽሑፉን ያጣዋል። አንድ የተሳሳተ ቃል ሁለት ችግር ወለደ ማለት ነው።

በሂሳብና በፊዚክስ ትምህርት «አውታረ መጠን» የሚባል ስያሜ አለ፤ «ባለ ሦስት አውታረ መጠን» ለንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ የተገባ ነው። በሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ረጅም ነው፤ አራተኛውን መመዘኛ አያልፍም። ስለዚህ ምልክቱ የተዘጋውን «ጠፍጣፋ ንብር»፣ የተከፈተውን «ባለ ጥልቀት ንብር» ብንላቸው ይበቃል። «ውፍረት» የሚለው ቃል ፊደሉን ራሱን ለሚያደነድነው ልዩ ተግባር ይቀመጥ። ጥልቀት የቦታ ነው፤ ውፍረት የአካል ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ተርጓሚው ነው የዘነጋው።

5. «በፊት» እና «በኋላ»

ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። አሠልጣኙ «ታንኳውን ከጽሑፉ በፊት አድርገው» ይላል እንበል። ይህ ዐረፍተ ነገር ሦስት ፍች አለው።

ሀ. በጊዜ፦ ታንኳው ርእሱ ከመታየቱ አስቀድሞ ይታይ።
ለ. በጥልቀት፦ ታንኳው ከርእሱ ይልቅ ለካሜራው ይቅረብ።
ሐ. በአነባበር፦ ታንኳው በንብሮቹ ዝርዝር ውስጥ ከርእሱ በላይ ይቀመጥ።

በአማርኛ «በፊት» የቦታም የጊዜም ቃል ነው፤ «በኋላ»ም እንዲሁ። በተራ ንግግር ዐውዱ ፍቹን ይለየዋልና ችግር የለም። በዚህ ሙያ ግን ጊዜ፣ ጥልቀትና አነባበር ሦስቱም በአንድ መስኮት፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ንብር ላይ ስለሚሠሩ ዐውዱ ፍቹን ሊለይ አይችልም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ፕሮግራሙ ራሱ ሁለት የቅደም ተከተል ሕጎች አሉት። ጠፍጣፋ ንብሮች የሚጋረዱት በአነባበራቸው ነው፤ በዝርዝሩ ላይኛው ታችኛውን ይጋርዳል። ባለ ጥልቀት ንብሮች ግን የሚጋረዱት በርቀታቸው ነው፤ ለካሜራው የቀረበው የራቀውን ይጋርዳል፤ በዝርዝሩ የትም ቢቀመጥ ለውጥ የለውም። «በፊት አድርገው» የተባለ ሠልጣኝ ባለ ጥልቀት ታንኳውን በዝርዝሩ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሥዕሉ አይለወጥም። ደግሞ ይስበዋል፤ አሁንም አይለወጥም። የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ቃሉ ግን የሰጠው የሌላውን ሕግ ትእዛዝ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በባለ ጥልቀት ንብሮች መካከል አንድ ጠፍጣፋ ንብር በዝርዝሩ ጣልቃ ከገባ፣ ንብሮቹን በሁለት ወገን ይከፍላቸዋል። ከጠፍጣፋው በላይ ያሉት በርቀታቸው ወደ ኋላ ቢሆኑም እንኳ ከታች ያሉትን ይጋርዳሉ። በምሳሌአችን ውስጥ የደሴቱ ሥዕል ከታንኳው በላይ በዝርዝሩ ቢገኝ፣ በመካከላቸውም የጥልቀት ምልክቱ ያልተከፈተ የጭጋግ ንብር ቢኖር፣ ሩቁ ደሴት ቅርቡን ታንኳ ይውጠዋል። ይህን እንከን «በፊትና በኋላ» በሚሉ ቃላት ማስረዳት አይቻልም፤ የሚያስረዳው ሰው ራሱ ይጠላለፋል።

የጣና ገዳማትን የግድግዳ ሥዕሎች ያየ ሰው ለእንዲህ ያለው የሕግ ልዩነት እንግዳ አይሆንም። በእነዚያ ሥዕሎች በአብዛኛው የአካል መጠን ማዕርግን እንጂ ርቀትን አያመለክትም፤ ትዕይንቱም ከላይ ወደ ታች ይደረደራል እንጂ ወደ ጥልቀት አይገባም። ያ አንድ ሥርዓት ነው፤ ካሜራ ያለበት ሥዕል ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ መስኮት ሲገናኙ ለሁለቱም አንድ ቃል መጠቀም አይገባም።

ስለዚህ የሚከተለውን ክፍፍል እናቀርባለን። ለአነባበር «ላይ» እና «ታች»፤ ለጥልቀት «ቅርብ» እና «ሩቅ»፤ ለጊዜ «ቀዳሚ» እና «ተከታይ» ይባሉ። «በፊት» እና «በኋላ» ከሙያው መመሪያ ጽሑፍ ፈጽመው ይውጡ። ከባድ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ስድስቱም ቃላት የታወቁ ናቸው፤ የሚጠየቀው መራቅ እንጂ መፍጠር አይደለም። «ታንኳውን ከጽሑፉ አቅርበው» ያለ አሠልጣኝ አንድ ፍች ብቻ ያለው ትእዛዝ ሰጥቷል።

6. ከቃል በቃል ትርጉም የመጡ እንከኖች

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋቸዋለን።

ካሜራው የሚያነጣጥርበትን ነጥብ «የፍላጎት ነጥብ» ያሉት አሉ። ማን ምን እንደሚፈልግ ቃሉ አይናገርም። ካሜራው ቦታውን ሲለውጥ ወደዚህ ነጥብ እንደ ዞረ ይቀራል፤ ወደ ደሴቱ በቀጥታ ይገሠግሣል የተባለው ካሜራ ነጥቡን አልፎ ሲሄድ በድንገት ወደ ኋላ የሚገለበጠውም ስለዚህ ነው። «የእይታ ዒላማ» ብንለው ችግሩ በቃሉ ውስጥ ይታያል፤ ዒላማውን ያለፈ ተኳሽ ወደ ኋላ መዞሩ የታወቀ ነው።

«የመስክ ጥልቀት» የሚለው ደግሞ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። መስክ በአማርኛ ሣር ያለበት ሜዳ ወይም የሥራ ዘርፍ ነው፤ «ጥልቀት»ን ደግሞ ከላይ ለሌላ ነገር አውለነዋል። ነገሩ ግን ከካሜራው ከተወሰነ ርቀት እስከ ተወሰነ ርቀት ያለው ጥርት ብሎ የሚታይበት፣ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ያለው የሚደበዝዝበት ወሰን ነው። «የጥራት ወሰን» ይበቃዋል። ርእሱ ደብዝዞበት «ፊደሉ ጥራት የለውም» እያለ የፊደል ዓይነት የሚለዋውጥ ሠልጣኝ፣ ርእሱ ከጥራት ወሰን ወጥቶ እንደ ሆነ መጠየቅ የሚችለው ቃሉ ሲኖረው ነው።

«ንቁ ካሜራ» የተባለው ያልተኛ ካሜራ ማለት አይደለም። ብዙ ካሜራዎች ቢኖሩ፣ በዚያች ቅጽበት ከበሩት መካከል በዝርዝሩ ከሁሉ በላይ ያለው ሥዕሉን ይወስናል። የካሜራው ንብር የጊዜ ወሰን ካለቀ እይታው ለቀጣዩ ካሜራ፣ እርሱም ከሌለ ለፕሮግራሙ መነሻ እይታ ይተላለፋል፤ ሥዕሉ በድንገት የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው። «ገዢ ካሜራ» ብንለው «አሁን ገዢው የትኛው ነው?» የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ በራሱ ይመጣል።

የመጨረሻው «ደርምስ» የሚለው ነው። በአንድ ቅንብር ውስጥ ሌላ ንዑስ ቅንብር ሲገባ፣ የንዑሱ ንብሮች ጥልቀታቸውን አጥተው እንደ አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ይቈጠራሉ። የውጪው ካሜራ የውስጡን ጥልቀት እንዲያይ የሚያደርግ ምልክት አለ፤ ይህን ምልክት ከእንግሊዝኛው ቃል ተነሥተው «ለውጦችን ደርምስ» ብለው ተርጕመውታል። ሥራውን ሊደረምስ የሚፈልግ ሰው የለምና ምልክቱን ማንም አይነካውም። ምልክቱ ግን ምንም አያፈርስም፤ የውስጡን ወደ ውጪ ያሳልፋል እንጂ። «አሳልፍ» ይባል።

7. «ፊደል» እና «ምልክት»

ስለ ጽሑፍ ንብር ስንናገር ስለ ራሱ ስለ ጽሑፋችን መናገር ይገባናል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የየራሱን መለያ ቍጥር አገኘ። ከዚያ በፊት የነበሩት የፊደል ዓይነቶች ሆሄዎቻችንን በላቲን ፊደላት መለያ ላይ ይጭኑ ስለ ነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ወደ ጽሑፍ ንብር ሲገለበጥ ትርጕም የለሽ የላቲን ፊደላት ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈው ደግሞ የተመረጠው የፊደል ዓይነት ግእዝ ከሌለው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ሁለቱንም «ፊደሉ ተበላሸ» ማለት መድኀኒታቸውን ማደባለቅ ነው፤ የመጀመሪያው መለወጥን፣ ሁለተኛው የፊደል ዓይነት መምረጥን ይሻል። ስለዚህ ፊተኛውን «የመለያ ስሕተት»፣ ሁለተኛውን «የፊደል ዓይነት ጕድለት» ብለን እንለያቸው።

ጽሑፍ በየምልክቱ እየተቈጠረ ሲንቀሳቀስ ሌላ ልዩነት ይመጣል። «ባሕር ዳር» በእኛ ፊደል አምስት ሆሄና አንድ ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 6 ምልክት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ከክፍት ቦታው ጋር 9 ምልክት ነው። ለእያንዳንዱ ምልክት 2 ምስል ቢመደብ፣ በሰከንድ 25 ምስል በሚያሳይ ቴሌቪዥን የላቲኑ 18 ምስል፣ የእኛው 12 ምስል ይወስዳል። ከውጭ የተዘጋጀ የርእስ አንቀሳቃሽ በአማርኛ ላይ ሲውል የሚቻኰለው ስለዚህ ነው። ክፍት ቦታንና ሥርዓተ ነጥብን ጭምር ለሚቈጥረው አሐድ «ምልክት»፣ ለሚነበበው ብቻ «ሆሄ» እንበል። በሁለት ነጥብ ብቻ ለሚለያዩ ቃላትም ጥንቃቄ ያሻል፤ ቃልን በክፍት ቦታ ብቻ የሚለይ መሣሪያ «ባሕር፡ዳር»ን አንድ ቃል አድርጎ ይቈጥረዋል።

የጸሐፊዎቻችን ሙያም የሚያበድረን ቃል አለው። ብራናውን በወስፌ ወግቶ የሚያሰምረው ጸሐፊ ጽሑፉ የማይደርስበትን ጠርዝ «ኅዳግ» ይለዋል። የቴሌቪዥን ባለሙያዎች በልማድ የርእስ ጽሑፍን ከስክሪኑ ወርድና ቁመት 80 በመቶ ውስጥ ሲወስኑ የሚተዉት ጠርዝ ከዚህ የተለየ አይደለም። «የርእስ ኅዳግ» ተብሎ ሊጠራ ይገባል።

8. ስለ ውሰት ቃላትና ስለ መደምደሚያው

«ቃላቱ በእንግሊዝኛ ይቈዩ፤ ሠልጣኙ ምናሌውን በእንግሊዝኛ ያነባልና» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ምናሌውን ለመጥራት እንግሊዝኛው መታወቅ አለበት፤ «ካሜራ»ንም እኛው ራሳችን ትተነዋል። ነገር ግን ችግሩ የተነሣው ከስም መጥሪያው አይደለም፤ ከማስረጃው ነው። «ሌየሩን በፊት አድርገው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ሌየር» የሚለው የውሰት ቃል ማንንም አላሳሳተም፤ ያሳሳተው ንጹሑ አማርኛ «በፊት» ነው። ማስረጃ ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ በአማርኛ ይሰጣል። ስለዚህ የውሰት ቃል ከአማርኛ ስንፍና አያድንም።

በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እነዚህን ስያሜዎች መፈለግ አይገባም፤ ካሜራውም ጽሑፍ ንብሩም በፕሮግራሙ ውስጥ የተፈጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ሥራ የምንወርሰው ዝርዝሩን ሳይሆን ልማዱን ነው፤ ማለት ስያሜን ለብቻው ሳይሆን ከመስኩ ስያሜዎች ሁሉ ጋር አስተያይቶ መወሰንን ነው።

ለውይይት ያቀረብናቸው በአጭሩ እነዚህ ናቸው፤

ሀ. ንብር፣ አነባበረ፣ ንብርብር፤
ለ. ጠፍጣፋ ንብር፣ ባለ ጥልቀት ንብር፤ ውፍረት (ለፊደሉ አካል ብቻ)፤
ሐ. ላይ/ታች፣ ቅርብ/ሩቅ፣ ቀዳሚ/ተከታይ፤
መ. የእይታ ዒላማ፣ የጥራት ወሰን፣ ገዢ ካሜራ፣ አሳልፍ፤
ሠ. ምልክት፣ ሆሄ፣ የመለያ ስሕተት፣ የፊደል ዓይነት ጕድለት፣ የርእስ ኅዳግ።

ከእነዚህ መካከል ሌሎቹ በተሻለ ቃል ቢተኩ አንቃወምም። በሦስተኛው ተራ ላይ ግን አንለዝብም። ሦስት ሥርዓት በአንድ ቃል እስከ ተጠራ ድረስ አሠልጣኙ ያዘዘውን ሠልጣኙ አይሠራም፤ ሠልጣኙም የተማረውን ለሌላው ጽፎ ሊያስተላልፍ አይችልም። ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ እየተላለፈ በጽሑፍ ሳይጸና የሚቀረው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው። ተርጓሚዎችና የሙያው ባለቤቶች ክፍፍሉን በማስተማሪያ ክፍል ይሞክሩት፤ የሚጣለውንና የሚጸናውን የሚለየው የሠልጣኙ እጅ ነው።